ልጃችሁ ገደል ሲወጣ ገመዱን የያዘው ማን ነው?

በቅርቡ አንዲት እናት ቢሮዬ መጥታ ከስልኳ ላይ አንድ ፎቶ አሳየችኝ፡፡ የ16 ዓመት ልጇ በገመድ ታስሮ ገደል ላይ ተንጠልጥሏል፡፡ «እህቴ፣ ፍየል የጠፋበት ይመስል ከገደል ገደል ይዞራል፤ አንቺ ምከሪልኝ» አለችኝ፡፡ «ከታች ገመዱን የሚይዝለት ማን ነው?» ብዬ ጠየቅኋት፡፡ አላወቀችም፡፡ ልጁን ሳነጋግረው የሚይዝለት የክፍል ጓደኛው ሆኖ ተገኘ፡፡ ሁለቱም ከጀመሩ ገና ሁለት ወራቸው ነው፤ የተማሩትም ከዩቲዩብ ነው፡፡

በዕብራይስጥ ቲፑስ የሚባለው ይህ ስፖርት በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ውድድር ኦሎምፒክ ውስጥ ገብቷል፡፡ ትዕግሥትና ትኩረት ያስተምራል፡፡ ስለዚህ ከልክሉ አልልም፤ የተከለከለ ልጅ ተደብቆ ይሄዳል፡፡ ነገር ግን ጀማሪ ልጅ ከጀማሪ ጓደኛው ጋር ብቻውን ገደል መሄድ የለበትም፡፡

ብዙ ወላጆች ገመዱ ይበጠሳል ብለው ይፈራሉ፡፡ ደህና ገመድ በቀላሉ አይበጠስም፡፡ አደጋው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ጀማሪው ከማያያት ትንሽ ስህተት ነው፡፡ አንድ ምሳሌ ልስጥ፡፡ ገመዱ 60 ሜትር፣ የሚወጣው ገደል ደግሞ 35 ሜትር ነው እንበል፡፡ ልጁ ያለ ችግር ጫፍ ይደርሳል፡፡ ሲወርድ ግን ገመዱ ላይኛው ማሰሪያ ላይ ታጥፎ ስለሚመለስ 70 ሜትር ያስፈልጋል፡፡ መሬት ለመድረስ 10 ሜትር ያህል ሲቀረው የገመዱ ጫፍ ከያዡ እጅ ሾልኮ ይወጣል፤ ልጁም ይወድቃል፡፡ መከላከያው የገመዱን ጫፍ አስቀድሞ መቋጠር ነው፡፡ አዳራሽ ውስጥ ባለው ሰው ሠራሽ ግድግዳ ላይ ገመዱ ተለክቶ ስለሚሰቀል፣ እዚያ ብቻ የተለማመደ ልጅ ይህንን ሳያውቅ ወደ ሜዳ ሊወጣ ይችላል፡፡

ልምድ ያለውም ቢሆን ይሳሳታል፡፡ በዓለም የታወቀችው አሜሪካዊት ሊን ሂል በ1989 በፈረንሳይ አገር ገመዷን መቋጠር ጀምራ ሳትጨርስ ገደል ወጣች፡፡ ልትወርድ ገመዱን ስትደገፍ ከ20 ሜትር በላይ ወደቀች፡፡ ዛፍ ተቀብሏት ነው በሕይወት የተረፈችው፡፡ ለዚህ ነው በደህና ክለብ ውስጥ ሁለት ሰዎች ከመውጣታቸው በፊት አንዱ የሌላውን ቋጠሮ፣ መታጠቂያና የገመድ መያዣ መሣሪያ በዓይንም በእጅም የሚፈትሹት፡፡ ሃያ ዓመት የወጣ ሰውም ይፈተሻል፡፡

እኛ አገር እረኛ ልጅ የገደል መንገድ የሚማረው ከታላቁ ነበር፡፡ የትኛው ድንጋይ እንደሚነቃነቅ፣ ዝናብ ሲዘንብ በየት እንደማይታለፍ ያሳየዋል፡፡ ማድሪህም ሥራው ይኸው ነው፡፡ «ይህ ብረት ዝጓል፣ ዛሬ አንወጣም» ብሎ ሁሉንም ይዞ የሚመለስ ታላቅ ያስፈልጋል፡፡ የአሥራ ስድስት ዓመት ጓደኛ ይህን ለማለት ያፍራል፡፡

በእርግጥ የድርጅት ስም ብቻውን ዋስትና አይሆንም፡፡ በሚያዝያ 2018 በናሐል ጻፊት ጎርፍ 10 ወጣቶች ሲያልቁ ጉዞው የተደራጀ፣ መሪዎችም ያሉት ነበር፡፡ ስለዚህ ሂዱና ጠይቁ፤ ዕብራይስጣችሁ ቢሰባበርም አትፈሩ፡፡ ማድሪሁ የምስክር ወረቀት አለው? በአንድ ጊዜ ስንት ልጆች ይይዛል? አየሩ ቢበላሽ የሚሰርዘው ማን ነው? ገንዘብ ካሳሰባችሁ ጫማና መታጠቂያ ያውሱ ወይም ያከራዩ እንደሆነ፣ ቅናሽም እንዳለ ጠይቁ፡፡ ጥያቄያችሁ የሚያሰለቸው ማድሪህ ከሆነ ሌላ ፈልጉ፡፡

ያ ልጅ አሁን ክለብ ገብቷል፡፡ ማድሪሁ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ከመውጣት ይልቅ የሌሎችን ገመድ መያዝ ስላስለመደው በጣም አጉረመረመ፡፡ እናቱ ግን ማክሰኞ ማክሰኞ ትወስደዋለች፡፡ አንድ ቀን ቁጭ ብላ ስታይ፣ ልጇ ከእሱ የሚበልጥን ልጅ አስቁሞ ቋጠሮውን ሲያስፈታው አየች፡፡ ማታውኑ ደውላ ነገረችኝ፡፡