ዓርብ ማታ የሚመጡት ሰዎች

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 10 ቀን 1930 ኒውዮርክ ውስጥ፣ ብሮንክስ በሚባለው ክፍለ ከተማ፣ አንድ ነጋዴ ገንዘቡን ወደሚያስቀምጥበት ባንክ ሄዶ የያዘውን የባንኩን አክሲዮን እንዲሸጡለት ጠየቀ። ሠራተኞቹ ባይሸጠው እንደሚሻል መከሩት። እሱ ግን «አክሲዮኔን አንሸጥልህም አሉኝ» እያለ አወራ። እኩለ ቀን ሲሆን በሩ በሰው ተጨናነቀ፤ ፖሊስ የተሰበሰበውን ሕዝብ ከ20,000 በላይ ገመተው። የጊዜው ጋዜጣ እንደጻፈው፣ ከተሰለፉት አንዱ ሁለት ሰዓት የቆመው 2 ዶላሩን ለማውጣት ነበር።

በማግስቱ ባንኩ ተዘጋ። «ባንክ ኦፍ ዩናይትድ ስቴትስ» ይባል እንጂ የግል ባንክ ነበር። ወደ 400,000 የሚጠጉ አስቀማጮች ነበሩት፤ ብዙዎቹ በልብስ ስፌት የሚተዳደሩ ስደተኞች ናቸው። እርግጥ ባንኩ ወሬው ከመነሣቱ በፊትም በመጥፎ ብድር ታሞ ነበር። መጨረሻውን ያፋጠነው ግን ያ ሰልፍ ነው።

ያን ሰልፈኛ ሞኝ የሚለው ሰው ብዙ ነው። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ባንክ የተቀበለውን ገንዘብ ካዝና ውስጥ ቆልፎ አያስቀምጥም፤ ለቤት ገዢ፣ ለነጋዴ፣ ለመንግሥት ያበድረዋል። ብድሩ ተመልሶ የሚያልቀው በዓመታት ነው፤ አስቀማጩ ግን ዛሬውኑ መጥቶ ስጡኝ ማለት ይችላል። ሁሉም ባንድ ቀን ከመጣ ጤናማ የሆነ ባንክም አይበቃቸውም። የሚከፈለው ደግሞ በመጡበት ቅደም ተከተል ነው። እንግዲህ ጎረቤቱ ሲሮጥ ያየ ሰው ባንኩ ደህና ነው ብሎ ቢያምን እንኳ፣ ጎረቤቱ ያወጣው ገንዘብ እሱን ባዶ እጁን ሊያስቀረው እንደሚችል ያውቃል። መድን በሌለበት ጊዜ መሮጡ ትክክለኛ ስሌት ነበር።

ከ1930 እስከ 1933 ባሉት ዓመታት አሜሪካ ውስጥ ወደ 9,000 የሚሆኑ ባንኮች ወደቁ። ፍራንክሊን ሩዝቬልት ሥልጣን በያዙ በሁለተኛው ቀን፣ ማርች 6 ቀን 1933፣ የአገሪቱን ባንኮች በሙሉ ዘጉ። በዚያው ዓመት ጁን ላይ የፌዴራል ተቀማጭ ገንዘብ መድን ኮርፖሬሽን፣ በአጭር አጠራሩ ኤፍዲአይሲ፣ በሕግ ተቋቋመ። ሩዝቬልት ራሳቸው መድኑን አልወደዱትም ነበር፤ ደካማ ባንኮችን በጠንካሮቹ ገንዘብ ማኖር ይሆናል ብለው ሰጉ። ሕጉን የገፉት እንደ ሄንሪ ስቲጋል ያሉ የምክር ቤት ሰዎች ናቸው። ጃንዋሪ 1 ቀን 1934 ሥራ ሲጀምር ለአንድ ሰው እስከ 2,500 ዶላር ዋስትና ሰጠ። በዚያ ዓመት የወደቁት መድን የገቡ ባንኮች 9 ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ መድኑ ከሸፈነው ገንዘብ አንድ ሳንቲም የጠፋበት አስቀማጭ የለም። መድኑን የሚከፍሉትም ባንኮቹ ራሳቸው ናቸው።

የወደቀ ባንክ የመዝጋቱ ሥራ በብዛት የሚሠራው ዓርብ ማታ ነው። የሚወድቀው ባንክ አስቀድሞ ይታወቃል፤ ኤፍዲአይሲ ሌሎች ባንኮችን በምስጢር አነጋግሮ ገዢ ያዘጋጃል። ሠራተኞቹ ወደ ከተማው ገብተው ሆቴል ሲይዙ የመሥሪያ ቤታቸውን ስም አያወጡም፤ ጭምጭምታ ከተሰማ ሰልፉ ይቀድማቸዋልና። ቅርንጫፉ ለደንበኛ ከተዘጋ በኋላ ይገባሉ፤ ለባንኩ ሠራተኞች ሁኔታውን ያስረዳሉ፤ ካዝናውን ይቆጥራሉ፤ መዝገቡን ይረከባሉ። ቅዳሜና እሑድ ሌት ተቀን ይሠራሉ። ሰኞ ጠዋት ባንኩ በአዲስ ባለቤት ይከፈታል፤ ደንበኛው በዚያው መስኮት፣ ብዙ ጊዜም በዚያችው ሠራተኛ ይስተናገዳል። የሁለት ቀኑ ዕረፍት የተመረጠው ፍርሃት ሥራ በማይሠራባቸው ሰዓታት ሁሉንም ለመጨረስ ነው።

ሁሌ ግን እንዲህ አያልቅም። ካሊፎርኒያ ውስጥ ኢንዲማክ የተባለው ባንክ ጁላይ 11 ቀን 2008፣ ዓርብ ዕለት፣ ሲዘጋ ገዢ አልተገኘለትም። ሰኞ ረጃጅም ሰልፎች ታዩ። የመድኑ ጣሪያ ያኔ 100,000 ዶላር ነበር፤ ከዚያ በላይ ያስቀመጡ ወደ 10,000 የሚጠጉ ሰዎች ለትርፉ በመጀመሪያ ግማሹን ብቻ አገኙ። በዚያው ዓመት መኸር ጣሪያው ወደ 250,000 ከፍ አለ፤ ዛሬም እዚያው ነው።

በዚያው ዓመት ዋሽንግተን ሚውቹዋል ሲወድቅ፣ በአሜሪካ ታሪክ ትልቁ የባንክ ውድቀት ማለት ነው፣ አስቀማጮች በአሥር ቀን ገደማ 16.7 ቢሊዮን ዶላር አውጥተው ነበር። በ2023 ደግሞ ሲሊኮን ቫሊ ባንክ መጣ። ይህ ባንክ ገንዘቡን ወለድ ዝቅተኛ በነበረበት ዘመን ለረጅም ጊዜ ቦንድ አውሎት ነበር፤ ወለድ ሲጨምር የቦንዶቹ ዋጋ ወረደ። ማርች 8 ቀን፣ ቦንድ ሸጦ 1.8 ቢሊዮን ዶላር እንደከሰረ አስታወቀ። በማግስቱ ደንበኞቹ ባንድ ቀን 42 ቢሊዮን ዶላር አወጡ። በር ላይ የተሰለፈው ጥቂት ነው፤ ገንዘቡ የወጣው ከስልክና ከኮምፒውተር ነው። ለቀጣዩ ቀን ሌላ 100 ቢሊዮን ተጠይቆ ስለነበር ተቆጣጣሪዎች ማታውን አልጠበቁም፤ ባንኩን ዓርብ ጠዋት ዘጉት።

እዚህ ላይ የመድኑ ድካም ወለል ብሎ ይታያል። በባንኩ ከተቀመጠው ገንዘብ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ከ250,000 ዶላር ጣሪያ በላይ ነበር፤ ባለቤቶቹም በአብዛኛው የሠራተኛ ደመወዝ የሚከፍሉ ኩባንያዎች ናቸው። መድን የሌለው ገንዘብ እንደ 1930ው ሰልፈኛ ይሮጣል፤ ያውም በሌሊት። እሑድ ማታ መንግሥት ለሁሉም ሙሉ በሙሉ ይከፈላል ብሎ አወጀ። ውሳኔው ድንጋጤውን ገትቷል። ሆኖም በሕግ የተጻፈው ጣሪያ ባንድ ቅዳሜና እሑድ ሊነሣ ከቻለ፣ በትንሽ ባንክ ከጣሪያው በላይ ያለው ሰው ሲያጣ በትልቁ ያለው ማግኘቱ ፍትሕ አይመስለኝም።

ዋሽንግተንም ሆነ ሚኒያፖሊስ ለሚኖረው ወገናችን ተግባራዊው ነገር ይህ ነው፦ 250,000 የሚቆጠረው ለአንድ ሰው፣ በአንድ ባንክ፣ በአንድ የሒሳብ ባለቤትነት ዓይነት ነው። ባልና ሚስት በጋራ የከፈቱት ሒሳብ እስከ 500,000 ይሸፈናል። አክሲዮንና ክሪፕቶ በባንክ በኩል ቢገዙም አይሸፈኑም። አገር ቤትም በ2013 ዓ.ም. በወጣ ደንብ የገንዘብ አስቀማጮች መድን ፈንድ ተቋቁሟል፤ ሲጀመር የተወሰነው ጣሪያ 100,000 ብር ነው። ይህን የሚያውቅ አስቀማጭ ጥቂት መሆኑ ያሳስበኛል፤ ሰው የማያውቀው ዋስትና ሰልፍ አያስቀርምና።

በጣም ጥንቃቄ የሚሻው ግን የስልክ መተግበሪያ ነው። በ2024 ሲናፕስ የተባለ፣ መተግበሪያዎችን ከባንኮች ጋር የሚያገናኝ ኩባንያ ሲከስር፣ ከ100,000 በላይ ሰዎች ገንዘባቸውን ለወራት ማንቀሳቀስ አቃታቸው። ብዙዎቹ «የኤፍዲአይሲ መድን አለው» የሚል ማስታወቂያ አምነው ነበር። ገንዘቡን የያዙት ባንኮች አልወደቁም፤ የወደቀው መሐል ያለው ኩባንያ ስለሆነ ኤፍዲአይሲ ሊከፍል የሚችልበት ሕግ አልነበረም። ስለዚህ ገንዘብ በመተግበሪያ የሚያስቀምጥ ሰው ከጀርባው ያለው ባንክ የትኛው እንደሆነ ይጠይቅ፤ የባንኩን ስም በኤፍዲአይሲ ድረ ገጽ ላይ ባንክፋይንድ በሚባለው መፈለጊያ ያጣራ፤ ባንኩ ጋ ደውሎም ሒሳቡ በራሱ ስም ይሁን በኩባንያው ስም እንደተመዘገበ ይወቅ።