ያውቁ ኖሯል? የጎማ ነፋስና የእንጦጦ ዳገት

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወጣ መኪና፣ ጎማው ውስጥ ምንም ሳይጨመር ግፊቱ መለኪያው ላይ ከፍ ብሎ እንደሚነበብ ያውቁ ኖሯል? የጎማ መለኪያ የሚነግረን የውስጡ ግፊት ከውጪው አየር ግፊት ምን ያህል እንደሚበልጥ ነው። ሽቅብ በወጣን ቁጥር የውጪው አየር እየሳሳ ስለሚሄድ ልዩነቱ ይሰፋል። በባሕር ጠለል ከፍታ የአየሩ ግፊት 14.7 ፒኤስአይ ነው። አዲስ አበባ ላይ ወደ 11 ይወርዳል፤ 3,200 ሜትር ገደማ በሚደርሰው የእንጦጦ አናት ደግሞ ከ10 ጥቂት ያንሳል። ከሽሮ ሜዳ እስከ ማርያም ያለው ለውጥ አንድ ፒኤስአይ እንኳ ስለማይሞላ አሽከርካሪው አይታወቀውም። ከባሕር ጠለል እስከ ጉለሌ ያለው ግን ወደ 4 ይጠጋል። ይህችን 4 ቁጥር ይያዙልን፤ ቀጥሎ ላለው ጉዳይ ታስፈልገናለች።

አንዳንድ ገመድ አልባ የጎማ ነፋስ መቆጣጠሪያዎች መኪናዎ ሁልጊዜ ባሕር ጠለል ላይ የቆመ አድርገው እንደሚያሰሉስ? በጎማው ውስጥ ያለው ሴንሰር የሚለካው ጠቅላላውን ግፊት ነው። ዳሽቦርዱ ላይ የሚያዩት ቁጥር የሚገኘው ከዚያ ላይ የውጪው አየር ግፊት ሲቀነስ ነው። ሥሪቱ የከፍታን ልዩነት ካላሰበበት በየትኛውም አገር ያንኑ የባሕር ጠለል ግፊት ይቀንሳል። እንግዲህ ጎሚስታው በትክክለኛ መለኪያ 33 ሞልቶልዎት ዳሽቦርዱ 29 ወይም 30 ቢልዎት፣ ጎሚስታው አላታለለዎትም፤ ጎማውም አላፈሰሰም። ቁጥሩን ያጎደለው ከፍታው ነው።

ይህን ሳያውቁ በጎሚስታ ላይ የሚቆጡ፣ ደግሞ ደጋግመው የሚያስሞሉ አሽከርካሪዎች አሉ። ዳሽቦርዱ 33 እስኪል ከተሞላ እውነተኛው ግፊት ወደ 37 ይደርሳል፤ ጎማው ይደርቃል፣ ጉድጓድ ሲመታ ይጎዳል፣ መንገድ የሚነካው የጎማ ክፍልም ይጠባል። መፍትሔው ቀላል ነው። ጠዋት መኪናው ሳይንቀሳቀስ አራቱንም ጎማ በጥሩ የእጅ መለኪያ ይለኩ፤ ከዳሽቦርዱ ጋር ያስተያዩና ልዩነቱን ይጻፉ። ልዩነቱ በአራቱም ላይ ተመሳሳይ ከሆነ የከፍታ ነው፤ ከዚያ ወዲያ አስታውሰው መደመር ብቻ ነው። አንዱ ጎማ ብቻ ከተለየ ግን ያን ጎማ ያስፈትሹ። የምንከተለው የእጅ መለኪያውን ነው።

በመኪና ላይ የተገጠመ የጎማ ነፋስ መቆጣጠሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ1986 በፖርሽ 959 እንደሆነ ያውቃሉ? ለባለጠጎች የተሠራ ነበር። ሕግ ያደረገው ግን ሐዘን ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ፋየርስቶን የተባለው ኩባንያ በአሜሪካ 6.5 ሚሊዮን ያህል ጎማዎችን ከገበያ ሰበሰበ። አብዛኞቹ ፎርድ ኤክስፕሎረር በተባለው መኪና ላይ የተገጠሙ ነበሩ፤ በጉዞ ላይ ላያቸው እየተገነጠለ መኪናው ሲገለበጥ ከ200 በላይ ሰዎች አልቀዋል። ለጎማዎቹ መጋልና መገንጠል ከተጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ የነፋስ ማነስ ነበር። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ምክር ቤት ሕግ አወጣ፤ እ.ኤ.አ. ከ2007 መገባደጃ ጀምሮም በአገሩ የሚሸጥ አዲስ ቀላል መኪና ሁሉ መቆጣጠሪያው እንዲኖረው ተደረገ። አውሮፓ እ.ኤ.አ. በ2014 ለአዳዲስ የቤት መኪኖች በሙሉ አስገደደ፤ ቻይና በ2020።

የቻይናው ሕግ እኛንም እንደሚመለከተን አስበውት ያውቃሉ? በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ በከተማችን የምናያቸው ብዙዎቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች የቻይና ሥሪት ናቸው። ከቪትዝና ከአሮጌ ኮሮላ የመጣ አሽከርካሪ የጎማ ምልክት ሲበራ የሚያየው በእነዚህ መኪኖች ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ምልክቱ የፈረስ ኮቴ የመሰለ ቅርጽ ሲሆን መሐሉ ላይ ቃለ አጋኖ አለው። ቪትዝ 1 ቶን ገደማ ሲመዝን የኤሌክትሪኩ ቮልስዋገን አይዲ 4 ከ2 ቶን ያልፋል። ይህን ሁሉ ክብደት የሚሸከመው ነፋሱ ነውና ለቪትዝ የለመዱትን ቁጥር ለኤሌክትሪክ መኪና መሙላት አደገኛ ስሕተት ነው። ዳሽቦርዱ በኪሎፓስካል ወይም በባር ከጻፈም አይደናገሩ፤ 250 ኪሎፓስካል 2.5 ባር ነው፣ 36 ፒኤስአይ ማለት ነው።

ምልክቱ እንደበራ ሲቆይና ሲርገበገብ ትርጉሙ እንደሚለያይስ? በርቶ ከቆየ ነፋስ አንሷል። ሞተር ሲያስነሡ ለአንድ ደቂቃ ያህል ተርገብግቦ ከዚያ በርቶ ከቀረ፣ ሥርዓቱ ራሱ ተበላሽቷል ወይም ከአንዱ ሴንሰር መልእክት አልመጣለትም። እሱን ነፋስ በመሙላት አያጠፉትም።

ምልክቱ የሚበራው ዘግይቶ እንደሆነም ይወቁ። በአሜሪካው ደንብ መሠረት ማስጠንቀቅ ግዴታ የሚሆነው ግፊቱ ከሚገባው በ25 በመቶ ሲያንስ ነው። 33 መሆን የነበረበት ጎማ 25 ገደማ እስኪደርስ ዝም ሊል ይችላል ማለት ነው። ደህና ጎማ ሳይበሳ በወር 1 ወይም 2 ፒኤስአይ ስለሚያጣ፣ መብራቱን ጠብቆ የሚያስሞላ ሰው ለወራት በጎደለ ጎማ ይነዳል።

በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት በርቶ ረፋድ ላይ የሚጠፋ ምልክት ገጥሞዎት ያውቃል? የእንጦጦ ሥር ሰፈሮች በእነዚያ ወራት ማለዳ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳሉ፤ ቀትር ላይ ከ20 በላይ ይሆናል። በየ10 ዲግሪው የጎማው ግፊት 1.5 ፒኤስአይ ያህል ይለዋወጣል። ስለዚህ መብራቱ ጠፋ ማለት ችግሩ ጠፋ ማለት አይደለም፤ ጎማው ከድንበሩ ላይ ነው ያለው። በዚያው ዕለት ያስሞሉት።

ከአዲሱ ገበያ ተነሥቶ በሱሉልታ ጎጃም የሚሄድ መኪና ዓባይ በረሃ ሲወርድ ምን እንደሚገጥመው ያውቁ ኖሯል? ጎሐ ጽዮን 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ድልድዩ ያለው ከ1,000 ሜትር ጥቂት ከፍ ብሎ ነው። ከፍታው ብቻ ቢሆን መለኪያው በ2 ፒኤስአይ ዝቅ ይል ነበር። ነገር ግን ሙቀቱ በተቃራኒው ይጨምርለታል። ሁለቱ ሲቻቻሉ ቁጥሩ እምብዛም ሳይለወጥ ሊታይ ይችላል። ከዚያ የቁልቁለቱ ፍሬን ቸርኬውን ያግለዋል፤ ግፊቱም ይወጣል። እዚያ ላይ ቆሞ «በዝቷል» ብሎ ማስተንፈስ ከባድ ጥፋት ነው። ደጀን ወጥተው ጎማው ሲበርድ ከሚገባው በታች ወርዶ ያገኙታል።

መኪናዎ መቆጣጠሪያ ከሌለው በቤትዎ በር ላይ ሊገጥሙለት እንደሚችሉስ? ከቫልቮላው ጫፍ ላይ የሚጠለቀው ዓይነት ጎማ ማውለቅ አያስፈልገውም። በአራቱ ካፖች ላይ የፊት ግራ፣ የፊት ቀኝ እያለ ቦታቸው ተጽፏል፤ ማሳያው በፀሐይ ኃይል ወይም ከሲጋራ ማቀጣጠያው በሚያገኘው ኤሌክትሪክ ይሠራል። መጀመሪያ ጎማዎቹን በቀዝቃዛቸው በትክክል ያስሞሉ። የቫልቮላውን ክዳን ያውልቁ፣ ትንሿን ዳዶ ቀድመው ያስገቡ፣ ከዚያ ካፑን የማፍሰስ ድምፁ እስኪቆም በእጅ ያጥብቁ። በፒንዛ አይታገሉት፤ ክሩ ይበላል። ቀጥለው ዳዶዋን ወደ ካፑ መልሰው በመፍቻዋ ያጥብቋት። ስፖኪዮ በሚነቀልበት ከተማ ካፑን ከሌባ የምትጠብቀው እሷ ናት። መፍቻዋን መኪና ውስጥ ያኑሩ፤ እሷ ከሌለች ጎሚስታው ነፋስ ሊሞላልዎ አይችልም።

አሁን ዋናው ነገር መጣ። ካፑ ሲጠለቅ የቫልቮላውን እምብርት ተጭኖ ክፍት ያደርገዋል፤ ካልተጫነው ነፋሱን ሊለካ አይችልም። ከዚያ በኋላ ነፋሱን የያዘው የካፑ ላስቲክ ብቻ ነው። ስለዚህ የሳሙና ውኃ ይቀቡበት። አረፋ ከወጣ ፈትተው ደግመው ያጥብቁ፤ በማግሥቱም ደግመው ይለኩ። ያረጀና የተሰነጣጠቀ የላስቲክ ቫልቮላ ላይ ፈጽሞ አይግጠሙ። ካፑ ቀላል ቢሆንም ጎማው ሲሽከረከር ቫልቮላውን ወደ ውጪ ይጎትተዋልና መጀመሪያ ቫልቮላውን ያስለውጡ።

ይኸው ካፕ የሚያሳየውን የሙቀት ቁጥር እንዳያምኑትስ ነግሮዎት የሚያውቅ አለ? ከጎማው ውጪ በንፋስ ላይ ስለተቀመጠ የሚለካው ከጎማው ውስጥ ይልቅ የውጪውን አየር ነው። የግፊቱን ቁጥር ይመኑ፤ ሙቀቱን ይተዉት።

ከሱማሌ ተራ የገዙት የውስጥ ሴንሰር ከመኪናዎ ጋር ላይግባባ እንደሚችልም ይወቁ። የአሜሪካና የጃፓን ሥሪቶች በአብዛኛው በ315 ሜጋኸርዝ ይልካሉ፣ የአውሮፓና የቻይናዎቹ በ433። ቅርጹ አንድ ስለሆነ ብቻ አይግዙ። የውስጡ ሴንሰር ባትሪ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 ዓመት ይቆያል፤ ከዚያ የሚለወጠው ሴንሰሩ ራሱ ነው። የውጪው ካፕ ባትሪ ግን እንደ ሰዓት ባትሪ በትንሽ ገንዘብ ይለወጣል።

ጎሚስታ ጎማዎን ሳይፈታ ሊነግሩት የሚገባ አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፦ «ውስጡ ሴንሰር አለው።» አብዛኛው ሴንሰር የተቀመጠው ቫልቮላው ሥር ነው። ጎማውን ከቸርኬው የሚያላቅቀው ብረት በዚያ በኩል ከገባ ይሰብረዋል። ከቫልቮላው አርቆ መጀመር ይበቃል። ጎማ በመዶሻና በብረት የሚፈቱ ጎሚስታዎቻችን በዚህ ሥራ የሠለጠነ እጅ አላቸው፤ የጎደለው ወሬው ብቻ ነው፤ እሱም ከባለ መኪናው መምጣት ያለበት ነው።

የተበሳ ጎማ ውስጥ ካላማዳሪያ ማስገባት የውስጡን ሴንሰር ከጥቅም ውጪ እንደሚያደርገው ያውቁ ኖሯል? ነፋሱ ያለው ካላማዳሪያው ውስጥ ነው፤ የካላማዳሪያውም ቫልቮላ እንዲወጣ የሴንሰሩ ቫልቮላ መነሣት አለበት። ምልክቱ ከዚያ ወዲያ አይጠፋም። ቀዳዳው የሚጠገን ከሆነ ከውስጥ ያስለጥፉት። ካላማዳሪያ ግድ ከሆነ ግን የውጪው ካፕ በእሱም ቫልቮላ ላይ ይሠራል።

አንዳንድ መኪና ያለ ምንም የግፊት ሴንሰር የጎማ ነፋስ ማነሱን ይጠረጥራል። ነፋስ ያነሰው ጎማ ስለሚኮማተር ከሌሎቹ ፈጥኖ ይዞራል፤ የኤቢኤስ ፍሬን ሥርዓት ያን ይቆጥራል። ድክመቱ፣ አራቱም እኩል ካነሱ ላይለይ ይችላል።

ከባድ መኪና ላይ ጉዳዩ ይብሳል። በአይሱዙና በሲኖትራክ ጥንድ የኋላ ጎማዎች የውስጠኛው ተንፍሶ የውጪው ሸክሙን ይዞለት ይሄዳል፤ በዓይን አይታይም። ረዳቱ በብረት መታ መታ አድርጎ በድምፁ የሚለየው ለዚህ ነው። ለከባድ መኪና የተሠራ መቆጣጠሪያ አለ፤ ጎማቸው ከ100 ፒኤስአይ በላይ ስለሚሞላ የቤት መኪና ካፕ አይሆናቸውም። ለተሳቢ ደግሞ ምልክቱን እስከ ጋቢና የሚያደርስ ማጠናከሪያ ያስፈልጋል። በዚህ ዳገትና ቁልቁለት ጭነት ለሚያመላልስ ባለንብረት ከሁሉ ቀድሞ ሊገዛ የሚገባው ይህ ነው ብለን እናምናለን።

እ.ኤ.አ. በ2010 የአሜሪካ ተመራማሪዎች የጎማ ሴንሰርን መልእክት ከ40 ሜትር ርቀት ጠልፈው ማንበባቸውንስ? መልእክቱ ያልተመሰጠረ ነበር፤ እያንዳንዱ ሴንሰር የራሱን መለያ ቁጥር ስለሚልክም መኪናን መከታተል ይቻላል።

ስኮርታ ጎማ ብዙ ጊዜ ሴንሰር የለውም፤ ስለዚህ ተረስቶ ይተነፍሳል።

የመጨረሻው። በጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ትልቁ የግፊት ቁጥር ጎማው ሊሸከመው የሚችለው ጣሪያ እንጂ የሚሞላው ልክ አይደለም። ትክክለኛው ቁጥር የሹፌሩ በር ሲከፈት ምሶሶው ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ አለ፤ በብዙ መኪኖች ለፊትና ለኋላ፣ ለባዶና ለሙሉ ጭነት ተለይቶ ተጽፏል። ጎሚስታው «ስንት ልሙላ?» ሲልዎት መልሱ እሱ ነው። ነገ ጠዋት መኪናዎን ከማስነሣትዎ በፊት በሩን ከፍተው ያንብቡት፤ በስልክዎም ፎቶ ያንሡት።