ቤትን በክፍል ለተማሪ ማከራየት፦ ሒሳቡ ክረምት ላይ ነው

ኮሌጅ በበዛባቸው የአዲስ አበባ ሰፈሮች ባለ ሦስት መኝታ ኮንዶሚኒየም ያለው ሰው ቤቱን ለአንድ ቤተሰብ ከመስጠት ይልቅ ክፍል ክፍሉን ለተማሪ ማከራየት ያዋጣኛል ይላል። ለስሌት ያህል፣ ሙሉው ቤት በወር 24,000 ብር፣ አንዱ ክፍል ደግሞ 10,000 ብር ያወጣል እንበል። በወር የ6,000 ብር ብልጫ አለ።

ዓመቱን ሙሉ ስናሰላ ግን ነገሩ ይለወጣል። ተማሪው ሰኔ ላይ ፈተናውን ጨርሶ አገሩ ይገባል። ቤተሰቡ በ12 ወር 288,000 ብር ሲከፍል፣ ሦስቱ ክፍሎች በ10 ወር የሚያስገቡት 300,000 ብር ነው። አንዱ ክፍል በዓመቱ መሃል ሁለት ወር ጾሙን ካደረ 20,000 ብር ይጎድላል፤ ገቢው ከቤተሰቡ ኪራይ በታች ወረደ ማለት ነው። ውኃውና ጽዳቱም የሚወድቀው በእሱ ላይ ነው። ሦስት ሰው በሚጠቀምበት ካርድ ቆጣሪ ላይ ሒሳቡ ሌሊት ለፈተና ሲጠና ቢያልቅ፣ «ምጣድ የጣደችው እሷ ናት፣ እሷ ትሙላ» የሚለው ጭቅጭቅ ከአከራዩ ስልክ ይደርሳል።

ለተማሪው ግን በክፍል መከራየቱ ውድ አይደለም። ሦስት ጓደኛሞች ቤቱን በአንድ ውል ቢይዙት ድርሻቸው 8,000 ብር ነው። ሆኖም በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1896 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ አብረው ባለዕዳ የሆኑ ሰዎች እያንዳንዳቸው ለሙሉው ዕዳ ይጠየቃሉ። አንዱ ትምህርቱን አቋርጦ ቢሄድ የቀሩት ሁለቱ 12,000፣ 12,000 ብር ሊከፍሉ ነው። ከቤተሰብ በሚላክለት ገንዘብ ለሚማር ልጅ ይህ ሴሚስተር የሚያስቋርጥ ዱብ ዕዳ ነው። ክፍሉን በራሱ ውል የያዘ ተማሪ የሚጨምረው 2,000 ብር የደባሉ ዕዳ እንዳይተርፈው የሚከፍለው ነው፤ በእኔ እምነት ተገቢ ዋጋ ነው።

አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ደንግጓል። ይህን ሽሽት «ሰኔ ላይ ትለቃለህ» ብሎ በቃል መስማማት ሁለቱንም ይጎዳል። አከራዩ መስከረም ላይ እንደገና ደላላ ይፈልጋል፤ ተማሪውም ፍራሹንና መጽሐፉን ተሸክሞ ቤት ፍለጋ ይዞራል።

ውሉ የሁለት ዓመት ሆኖ ሐምሌና ነሐሴ በግማሽ ኪራይ ቢታሰቡስ? ተማሪው ለክረምቱ 10,000 ብር ከፍሎ ዕቃውን ቆልፎበት ይሄዳል። አከራዩም ክፍሎቹ ሁሉ ከተያዙ በዓመት 330,000 ብር ያገኛል፤ ከቤተሰቡ ኪራይ 42,000 ብር ይበልጣል። ውኃው፣ ጽዳቱና ጥገናው ከዚህ ላይ ይሸፈናል። የቆጣሪውን ካርድ ማን በየስንት ጊዜው እንደሚሞላም እዚያው ውል ላይ ይጻፍ።