የመስከረምን መልክ በሥዕል

ዘመን ሲለወጥ ሥዕል ሥሎ ለጎረቤት ማበርከት የከተማ ልጆች የቆየ ልማድ ነው። በእንቁጣጣሽ ጧት ወንዶች ልጆች ፀሐይ፥ መልአክና አበባ የሣሉበትን ወረቀት ይዘው ከደጅ ደጅ ይዞራሉ። በጎጃም ገጠርም ልጃገረዶች በዋዜማው እንግጫ ነቅለው ከአደይ አበባ ጋር ይጎነጉናሉ። ይህ ሁሉ ወቅትን በደስታ መቀበል ነው። ነገር ግን በወረቀቱ ላይ የሚታየው ወቅት በእርግጥ የኛ መስከረም ነውን? ብለን ብንጠይቅ ያለ አግባብ አይሆንም።

ብዙ ሰው መስከረምን ጸደይ ይለዋል። በአባቶች አቆጣጠር ግን ክረምት እስከ መስከረም 25 ቀን ይዘልቃል፤ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው መጸው ሲሆን፥ ጸደይ የሚባለው ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ነው። እንግዲህ አደይ የሚፈነዳው ገና ክረምቱ ሳይወጣ ስለሆነ፥ ሥዕሉም ዝናብን መርሳት የለበትም።

በዚህ ረገድ ከቻይናውያን የምንማረው አለ። እነርሱ ዓመቱን በፀሐይ ጉዞ በ24 ክፍል ከፍለው ለእርሻ ሥራ ሲጠቀሙበት ኖረዋል፤ ዩኔስኮም ይህን ዕውቀት በ2016 እ.ኤ.አ. በቅርስነት መዝግቦታል። ሠዓሊው ጉዎ ሺ በ1072 እ.ኤ.አ. የጸደይን መግቢያ በሐር ላይ ሲሥል፥ ወቅቱን የገለጸው በአበባ ብዛት ሳይሆን በተራሮች መካከል በሚነሣ ጉም ነው። የተራራ ጉም በየወቅቱ መልኩ እንደሚለያይም አስተምሯል። ይሁን እንጂ የነርሱ ጸደይ የሚገባው በኛ በጥር 27 ቀን ገደማ ነው፤ በዚያን ጊዜ የቡሬ ሜዳ ደርቆ ገለባ ይታይበታል። ስለዚህ የምንወስደው የማስተዋል ዘዴያቸውን እንጂ ሥዕላቸውን አይደለም።

ታዲያ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ አካባቢ መስከረም ምን ይመስላል? በሐምሌና በነሐሴ ከደቡብ ምዕራብ የሚነፍሰው እርጥብ ነፋስ ዝናቡን ያመጣል። በመስከረም ፀሐይ የምድርን ወገብ ተሻግራ ወደ ደቡብ ስታዘነብል የዝናቡ መቀነትም ይከተላታል፤ ከሰሜን ምሥራቅ የሚመጣው ደረቅ ነፋስም ቀስ በቀስ ይተካል። ሌሊት ሰማዩ ሲጠራ ምድር ሙቀቷን ትለቃለች፤ ስለዚህ በማለዳ ሣሩ ጤዛ ይለብሳል፥ በወንዝ ዳርም ጉም ይተኛል። ረፋድ ላይ ፀሐይ የረጠበውን መሬት ስታሞቅ አየሩ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከሰዓት በኋላም ደመና ተቆልሎ ነጎድጓድ፥ አንዳንዴም በረዶ ያወርዳል።

እንግዲህ ሥዕል የሚወድ ተማሪ አስቀድሞ ሰዓቱን ይምረጥ። ማለዳ ከሆነ የሩቁን ተራራ በፈዛዛ ሰማያዊ ቀለም ይጀምር፤ ጉሙን ግን ቀለም ሳይቀባ ነጩን ወረቀት ይተውለት። በቅርብ ያዘረዘረውን በቆሎና ገና አረንጓዴ የሆነውን ጤፍ ያሳይ። የአደይ ቢጫ ከማሳው ዳርና ከመስኩ ነው፤ መላውን ማሳ ቢጫ የሚያለብሰው ኑግ ነው፥ እርሱም ይበልጥ የሚያምረው ወደ ጥቅምት ነው። ከሰዓት በኋላ ከሆነ ደግሞ ከቢጫው አበባ በላይ ጥቁር ደመና ይታይ።

ይህ የቀለም ጨዋታ ብቻ አይደለም። በመስከረም የሚጥል በረዶ የዓመቱን ልፋት በአንድ ሰዓት ሊያጠፋ ይችላል፤ ገበሬው አበባውን እያየ ሰማዩንም የሚመለከተው ስለዚህ ነው። ለሥራ ወደ ገጠር የሚወጣ ወጣት ሹምም አበባውን ብቻ አይቶ ክረምት አለፈ ቢል፥ ገበሬው የሚያስበውን ሳይረዳ ይቀራል፤ ደመናውንም ያየ እንደሆነ ግን ስብሰባውን መቼ እንደሚጠራና ምን ብሎ እንደሚጠይቅ ያውቃል። አገርን ማወቅ ሰማይዋን ከማወቅ ይጀምራልና፥ እርሳስና ወረቀት ይዞ አንድ ማለዳ በመስክ ላይ መቀመጥ ከትምህርት የሚቆጠር ነው እንላለን።