የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ወደ ሴል የሚገባው እንዴት ነው?

በኅዳር ወር 1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን ያመሳት ወረርሽኝ እስከ ዛሬ «የኅዳር በሽታ» በሚለው ስሙ ይታወሳል። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን ሳይቀሩ በጽኑ ታመው ነበር። በዚያው ዘመን ዓለምን ያዳረሰው ይኸው መቅሠፍት የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ያስከተለው መሆኑ ዛሬ በሚገባ ታውቋል። ያን ያህል ገዳይ የሆነበት ምክንያት ሰፊ ጉዳይ ስለሆነ ለሌላ ጊዜ እናቆየው። እዚህ የምናነሳው ከሁሉ አስቀድሞ የሚመጣውን ጥያቄ ነው። ለመሆኑ ይህ ቫይረስ ወደ ሴላችን ውስጥ የሚዘልቀው በምን ዘዴ ነው?

ይህ ጥያቄ በክፍል ውስጥ ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚሰማው መልስ «የሴሉን ግድግዳ በስቶ ይገባል» የሚል ነው። መልሱ በሁለት በኩል ስሕተት አለበት። አንደኛ፣ የዕፅዋት ሴል እንጂ የእንስሳ ሴል ግድግዳ የለውም። የእኛ ሴል የተከበበው በአብዛኛው ከቅባት በተሠራ ስስ ሽፋን ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ምንም ነገር አይበሳም። «ታዲያ ምን ለውጥ ያመጣል?» የሚል ሰልጣኝ ይኖር ይሆናል። ለውጥማ ያመጣል! ይበሳል ብሎ የተማረ ልጅ ሳሙና ለምን ቫይረሱን እንደሚያጠፋ ወይም የዶሮ ኢንፍሉዌንዛ ለምን አንዳንዴ መንጋውን በሙሉ እንደሚፈጅ ቢጠየቅ የሚይዘው የሚጨብጠው የለውም።

በቅድሚያ የቫይረሱን አሠራር እንመልከት። ስፋቱ 100 ናኖሜትር ገደማ ነው፤ አሥር ሺህ ያህሉ ጎን ለጎን ቢደረደሩ አንድ ሚሊሜትር ይሞላሉ። በውስጡ የዘር መልእክቱን የያዙ ስምንት የአር ኤን ኤ ቁራጮች አሉ። ከውጭ ደግሞ የቅባት ሽፋን ለብሷል። ይህንን ሽፋን ራሱ አልሠራውም፤ ከተፈጠረበት ሴል ሲወጣ ከሴሉ ሽፋን ቆርሶ የወሰደው ነው። በሌላ አነጋገር የተሰረቀ ካባ ነው። ሳሙና የሚያጠፋውም ይህንኑ የቅባት ካባ እየበታተነ ነው።

እንግዲህ ችግሩ ይህ ነው። ቫይረሱ በቅባት ሽፋን ተጠቅልሏል፤ ሴሉም እንዲሁ። አር ኤን ኤው ወደ ሴሉ ውስጥ እንዲፈስ ሁለቱ ሽፋኖች አንድ መሆን አለባቸው። በወጥ ላይ የሚንሳፈፉ ሁለት የቅባት ጠብታዎች ሲነካኩ ተዋሕደው አንድ ትልቅ ጠብታ እንደሚሆኑ ሁላችንም አይተናል። በሣህን ውሃ ላይ ዘይት ጠብ አድርጎ በክብሪት እንጨት ማጠጋጋት ነው፤ ለማንኛውም ክፍል የሚሆን ርካሽ ማሳያ ነው። የሴል ሽፋኖች ግን እንደ ወጥ ቅባት በቀላሉ አይዋሐዱም። በሁለቱ መካከል ያለው ውሃ በቀላሉ አይለቅም፤ ገፍቶ የሚያቀራርባቸው ኃይል ያስፈልጋል። ባያስፈልግማ ኖሮ ሴሎቻችን ሁሉ እርስ በርስ ተዋሕደው አንድ ሊጥ በሆኑ ነበር!

ያንን ኃይል የሚሰጠው ሄማግሉቲኒን የሚባል ፕሮቲን ነው። ስሙ ከደም ጋር የተያያዘበት ምክንያት አለ። በ1941 እ.ኤ.አ. ጆርጅ ኸርስት የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ቫይረሱ የዶሮን ቀይ የደም ሴሎች እርስ በርስ እንደሚያጣብቅ አስተዋለ፤ ያጣበቃቸውም ይኸው ፕሮቲን ነበር። «ኤች1ኤን1» ሲባል የምንሰማው «ኤች» የሚወክለው እሱኑ ነው። በቫይረሱ ካባ ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሄማግሉቲኒኖች እንደ እሾህ ቆመዋል። እያንዳንዱ እሾህ ሦስት እኩያ ዘለላዎች እንደ ሹሩባ ተጎንጉነው የተሠራ ሲሆን፣ ርዝመቱ 13.5 ናኖሜትር ያህል ነው። ራስና ግንድ አለው።

ራሱ በሴላችን ላይ ያለውን ሲያሊክ አሲድ የሚባል የስኳር ዓይነት ይይዛል። ይህ ገና መጣበቅ ነው፤ መግባት አይደለም። ቀጥሎ የሚሆነው ነው አስገራሚው። ሴሉ ራሱ ሽፋኑን ወደ ውስጥ ጎድጎድ አድርጎ ቫይረሱን እንደ ምግብ ይውጠዋል! ቫይረሱ በትንሽ ከረጢት ተከቶ ወደ ሴሉ መሐል ይጓዛል። ነገር ግን አሁንም አልገባም፤ በእሱና በሴሉ ፈሳሽ መካከል የከረጢቱ ሽፋን አለ።

ሴሉ የዋጠውን ነገር ለመፍጨት ከረጢቱን ቀስ በቀስ ያኮመጥጠዋል። ከሴሉ ውጭ ፒ ኤች 7.4 የነበረው ወደ 5.5 ገደማ ይወርዳል። ኮምጣጣነቱ ከእርጎ እንኳ ያነሰ ነው፤ ከጥቁር ቡና ብዙም አይርቅም። ሆኖም ፒ ኤች በሁለት ቁጥር ሲወርድ የሃይድሮጅን አዮኖች መጠን መቶ እጥፍ እንደሚሆን በኬሚስትሪ ትምህርት ተምረናል። ለሄማግሉቲኒን ይህ ለውጥ በቂ ምልክት ነው።

ሄማግሉቲኒን የተጠመደ የአይጥ ወጥመድ ነው ማለት ይቻላል። በግንዱ ውስጥ 20 ያህል አሚኖ አሲዶች ያሉት፣ ውሃን የሚሸሽና ቅባት የሚወድ ጫፍ ተደብቋል። አሲዱ ሲመጣ ራሶቹ ይለያያሉ፤ ታጥፎ የነበረው የግንዱ ክፍል ቀጥ ብሎ ይዘረጋል፤ የተደበቀው ጫፍም 10 ናኖሜትር ያህል ተወርውሮ በከረጢቱ ሽፋን ላይ ይሰካል። አሁን ፕሮቲኑ በአንድ ጫፉ የቫይረሱን ካባ፣ በሌላው የሴሉን ሽፋን ይዟል። ከዚያም እንደ ቢላዋ መታጠፊያ እጥፍ ይልና ሁለቱን ሽፋኖች ያጣጥማቸዋል። አንድ ፕሮቲን ብቻውን አይበቃም፤ ጎን ለጎን ያሉ ጥቂቶች አብረው መሳብ አለባቸው። መጀመሪያ የሚዋሐዱት የሁለቱ ሽፋኖች ፊት ለፊት ያሉት ንብርብሮች ናቸው። ቀጥሎ የኋለኞቹ ይዋሐዱና ቀዳዳ ይከፈታል። ይህ ቀዳዳ በመብሳት የመጣ ሳይሆን በመዋሐድ የተፈጠረ መሆኑን ልብ ይሏል። እስከዚያው ኤም 2 የተባለ ሌላ ትንሽ ፕሮቲን አሲዱን ወደ ቫይረሱ ሆድ አስርጎ የአር ኤን ኤውን እስራት ያላላል። የተለቀቁት ቁራጮች ወደ ኑክሊየሱ ይሄዳሉ።

ይህ ሁሉ በአንድ ቀን አልተደረሰበትም። በ1980 እ.ኤ.አ. ገደማ አሪ ሄሌኒየስና ባልደረቦቹ በሃይደልበርግ ከተማ አሲድ ሽፋኖችን እንደሚያዋሕድ በመጀመሪያ ያሳዩት በሌላ ቫይረስ ላይ ነበር፤ እሱም በኡጋንዳው የሴምሊኪ ደን ስም የተጠራው ነው። የሄማግሉቲኒንን ቅርጽ ዊልሰን፣ ስኬልና ዋይሊ በ1981 አወጡት። ፕሮቲኑን ከቫይረሱ ላይ ለመቁረጥ የተጠቀሙበት ኤንዛይም ከአናናስ የሚገኝ ነው። ካርና ኪም በ1993 ፕሮቲኑ እንደ ተጠመደ ሞላ እንደሚሠራ ሐሳብ አቀረቡ፤ በዓመቱ በአሲድ የተለወጠው ቅርጽ ሲታይ ሐሳባቸው ትክክል ሆኖ ተገኘ።

ወጥመዱ የሚፈናጠረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ተመልሶ አይጠመድም። ቫይረሱን ሴል ሳያገኝ አስቀድሞ አሲድ ውስጥ ቢነክሩት እሾሆቹ በከንቱ ይፈናጠራሉ፤ ከዚያ ወዲያ መግባት አይችልም። ስለሆነም ለቫይረሱ ዋናው ነገር ጉልበት ብቻ ሳይሆን ጊዜና ቦታ ነው። ሳይደርስ ቢፈናጠር ይከስራል፤ ቢዘገይ ደግሞ ከረጢቱ ውስጥ ተፈጭቶ ይቀራል።

ሌላም ነገር አለ። ሄማግሉቲኒን ሲሠራ ወጥመዱ ገና አልተጠመደም። የሰውየው ወይም የእንስሳው የራሱ ኤንዛይም በአንድ ቦታ ላይ ሲቆርጠው ነው የሚጠመደው። በተለመደው የሰው ኢንፍሉዌንዛ ይህን የሚቆርጡት ኤንዛይሞች በመተንፈሻ አካል ስለሚገኙ በሽታው በአብዛኛው እዚያው ይወሰናል። በአንዳንድ የኤች5 እና የኤች7 የወፍ ቫይረሶች ግን የመቁረጫው ቦታ ተለውጦ በመላ ሰውነት የሚገኝ ፉሪን የተባለ ኤንዛይም ሊቆርጠው ይችላል። በዚህም ምክንያት ቫይረሱ ከሳንባ አልፎ ወደ አንጎልና ወደ ሌሎች አካላት ይዘልቃል፤ ዶሮዎቹም በጥቂት ቀናት ውስጥ ይረግፋሉ። ጥቂት አሚኖ አሲዶች ናቸው ይህን የሚያደርጉት!

ታዲያ ወጥመዱን ማክሸፍ አይቻልም ወይ? ተሞክሯል። አማንታዲን የኤም 2ን ቧንቧ ይደፍናል፤ ነገር ግን ዛሬ በሰው መካከል የሚዘዋወሩት የኢንፍሉዌንዛ ኤ ቫይረሶች በአብዛኛው ስለተቋቋሙት ለዚህ ሕመም አይመከርም። በሩሲያና በቻይና የሚሠራበት ኡሚፌኖቪር ሄማግሉቲኒንን ጨብጦ እንዳይፈናጠር ያደርገዋል። የክትባት ተመራማሪዎች ደግሞ ዓይናቸውን ግንዱ ላይ ጥለዋል፤ ምክንያቱም ራሱ በየጊዜው መልኩን ሲለዋውጥ ግንዱ ብዙም አይለወጥም። የወባ መድኃኒት የሆነው ክሎሮኪንም ከረጢቱ እንዳይኮመጥጥ ስለሚያደርግ በላቦራቶሪ ሣህን ውስጥ ቫይረሱን ያግደዋል። ይህን ሰምቶ ክሎሮኪን ኢንፍሉዌንዛን ይከላከላል የሚል አይጠፋም። ሆኖም በሲንጋፖር በሰዎች ላይ ተሞክሮ ውጤቱ በ2011 እ.ኤ.አ. ሲታተም መድኃኒቱን የወሰዱትም ያልወሰዱትም እኩል ነበር የተያዙት።