ከሰብቨርዥን ወደ ጊት ስትሻገሩ የብራንቹ ወላጅ የት ገባ?

ኢንቦክስ ላይ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ጥያቄ አለ፤ "ፕሮጀክቱን ከሰብቨርዥን ወደ ጊት አዛውረናል፣ ፋይሉም ኮሚቱም አለ፤ መርጅ ስናደርግ ግን ድሮ የፈታናቸው ኮንፍሊክቶች እንደ አዲስ ይመጣሉ።" መልሱ ስለሚረዝም እዚህ ልጻፈው።

የጎደላችሁ የዘር ሐረጉ ነው። ሰብቨርዥን ውስጥ ብራንች ማለት የፎልደር ቅጂ ነው። ሎጉን ዘርዘር አድርጋችሁ ብታዩ "ይህ ፎልደር ከትራንክ፣ ከሪቪዥን 1204 የተቀዳ" የሚል መስመር ታገኛላችሁ፤ የብራንቹ ልደት የተመዘገበው እዚያች መስመር ላይ ብቻ ነው። ጊት ግን ዝምድናን የሚያውቀው በኮሚት ነው። እያንዳንዱ ኮሚት የወላጁን ሃሽ ይይዛል፤ መርጅ ከሆነ ሁለት ወላጅ ይኖረዋል። ሁለት ብራንች ስታዋህዱ መጀመሪያ የሚፈልገው የጋራ ቅድመ አያታቸውን ነው። ያ ከጠፋ ወይም ከተሳሳተ፣ የተፈታውን ሁሉ እንዳልተፈታ ይቆጥረዋል።

የሰብቨርዥን መርጅ ደግሞ ከሌላው የማይለይ ተራ ኮሚት ነው። የትኛው ሪቪዥን እንደተወሰደ መመዝገብ የጀመረው በ2008 በወጣው 1.5 ቨርዥን ነው፤ መርጅ-ኢንፎ የሚባለው። ከዚያ በፊት የነበረውን የምታገኙት ዴቨሎፐሩ ኮሚት መልእክቱ ላይ በእጁ ከጻፈው ነው፤ ካልጻፈ የለም። የሰብቨርዥንን ታሪክ ወደ ጊት የሚያመጣው ጊት-ኤስቪኤን መርጅ-ኢንፎን አንብቦ ሁለተኛውን ወላጅ ለመሙላት ይሞክራል። ብራንቹ ከትራንክ ሥር ካለ ንዑስ ፎልደር ከተቀዳ ግን ከትራንክ ጋር የሚያገናኘው ወላጅ ሳይኖረው ሊመጣ ይችላል።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ በሥራ ላይ ላለ ብራንች በጊት መርጅ-ቤዝ የሚወጣውን ኮሚት ከዚያች "የተቀዳ" ከምትል መስመር ጋር አስተያዩ። ካልገጠመ፣ ምክንያቱም በኋላ የተደረገ መርጅ ካልሆነ፣ በጊት ሪፕሌስ፣ ግራፍት በሚለው አማራጭ፣ ትክክለኛውን ወላጅ ስጡት፤ ከዚያ በፊልተር-ሪፖ ቋሚ አድርጉት። ሃሽ ስለሚቀየር ይህ ቡድኑ ክሎን ከማድረጉ በፊት ያልቅ።

አሁን ዋናው አደጋ። ከአንድ ብራንች ሁለት የባግ ማስተካከያ ብቻ፣ ሪቪዥን 1310ንና 1342ን፣ ወደ ትራንክ ወስዳችሁ ነበር እንበል። የዘር ሐረግ አሟላለሁ ብላችሁ እነሱን ያስገባውን የትራንክ ኮሚት ባለ ሁለት ወላጅ ካደረጋችሁት፣ ጊት እስከዚያ ድረስ ብራንቹ ላይ ያለውን በሙሉ ገብቷል ብሎ ያምናል። በኋላ መርጅ ስታደርጉ የቀረውን ሥራ ዝም ብሎ ያልፈዋል፤ ኮንፍሊክት የለ፣ ማስጠንቀቂያ የለ። ከጎደለ ወላጅ ይልቅ የውሸት ወላጅን በጣም ፍሩ፤ የጎደለው ቢያንስ በኮንፍሊክት ይጮኻል። በከፊል የተወሰደን ነገር ባለ አንድ ወላጅ ኮሚት አድርጋችሁ ተዉት።

የድሮውን ታሪክ ጨርሶ አለማምጣትም ነውር አይደለም። ሊነስ ቶርቫልድስ በኤፕሪል 2005 ሊኑክስን ጊት ላይ ሲያስገባ ከ2.6.12 አርሲ 2 ነው የጀመረው፤ ቀድሞ ይጠቀምበት በነበረው በቢትኪፐር ላይ ያለውን ታሪክ ተወው፤ ቢገባ 3.2 ጊጋባይት ይሆን ነበር። የቆየውን ታሪክ የሚፈልግ ሰው ዛሬም ለብቻው ከተቀመጠ ሪፖ አምጥቶ በግራፍት ይቀጥለዋል።

አንድ ነገር ግን አደራ፦ ጊት-ኤስቪኤን በየኮሚቱ መልእክት ሥር የሚጽፋትን የሪቪዥን ቁጥር መስመር ለማሳመር ብላችሁ አታጥፉ፤ የድሮውንም ሰርቨር ለንባብ ብቻ ክፍት አድርጋችሁ አቆዩት። አንዱ ብራንች ከየት እንደመጣ ጥርጣሬ ሲነሳ የምትመለሱት ወደዚያ ቁጥር ነው።