ማይሌጁ ትንሽ ነው አትበሉኝ

ስልክ የሚደውልልኝ ሰው ሁሉ በአንድ ነገር ነው የሚጀምረው። «ጋሼ፣ ሞተርሆም አግኝቼ ነበር። የ2012 ናት፤ ግን ማይሌጇ 18 ሺህ ብቻ ነው!» ይላል፤ ሎተሪ እንደወጣለት ሰው ድምፁ ይሞቃል። እኔም ደስታውን በአንዴ ላለማጥፋት ትንሽ ዝም እልና «የት ቆማ ነው የከረመችው?» ብዬ እጠይቃለሁ።

ለቤት መኪና ትንሽ ማይል መልካም ዜና ነው። ውስጧ መኖሪያ ቤት ለሆነችው ለሞተርሆም ግን ብዙ ጊዜ ክፉ ምልክት ነው። አሥር ዓመት አልፏት 18 ሺህ ማይል ብቻ የሄደች፣ ዕድሜዋን የፈጀችው ፀሐይና በረዶ እየተፈራረቁባት ቆማ ነው ማለት ነው። ሞተርሆምን የሚገድለው መንዳት አይደለም። የሚገድላት መቆም ነው፣ ውኃ ነው፣ ከልክ ያለፈ ጭነት ነው። ሦስቱም ዳሽቦርድ ላይ መብራት የላቸውም።

ወደዚህ ሥራ የመጣሁት በከባድ መኪና በኩል ነው። አገር ቤት ኤንትሬ በምንላት የጭነት መኪና ላይ ረዳት ሆኜ ጀምሬ ሹፌር ሆንኩ፤ እዚህም ረጅም ዘመን ጭነት ጎተትኩ። አሁን ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ውስጥ ዕቃዬን በፒክአፕ ጭኜ መኪናዋ ከቆመችበት ድረስ እየሄድኩ እሠራለሁ። ከኮቪድ ወዲህ ሞተርሆም የሚገዛው ሐበሻ እየበዛ ስለሄደ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከስልክ ጆሮዬን አላነሳም።

የእኛ ሰው የሚያዘወትረው ጋቢናው የቫን ሆኖ ከጋቢናው በላይ አልጋ ያላትን፣ ክላስ ሲ የምትባለውን ነው። ከሥር ያለው መኪና አብዛኛውን ጊዜ ፎርድ ኢ-450 ነው፤ አምቡላንስና ትንንሽ አውቶቡስም ይሠራበታል። ፎርድ የሚያስረክበው ጋቢናውን፣ ሻሲውንና ሞተሩን ነው። ግድግዳውን፣ ጣሪያውን፣ ማድ ቤቱንና ሽንት ቤቱን የሚገጥመው ሌላ ፋብሪካ ነው። ስለዚህ መካኒክ ዘንድ ወስዳችሁ «ደህና ናት» ብትባሉ፣ የተመረመረላችሁ ግማሿ ብቻ ነው።

ከጎማ ልጀምር። ገዢ ሁሉ ጎንበስ ብሎ ጥርሱን ያያል። ጥርሱ ሙሉ ነው፤ ስላልሄደች ለምን ያልቃል? ማየት ያለባችሁ የጎማውን ጎን ነው። ዶት ከሚለው ጽሑፍ ተከትሎ የሚመጣው ረጅም ቁጥር መጨረሻው ላይ አራት አሃዝ አለ። 3516 ካለ፣ ጎማው የተሠራው በ2016 በ35ኛው ሳምንት ነው። ቁጥሩ ከውጭ በኩል ካልተገኘ ጎማው ተገልብጦ ተገጥሟል ማለት ነውና ከሥር ገብታችሁ በባትሪ መብራት ፈልጉት። ጎማ ቆሞም ያረጃል፤ እንዲያውም ቆሞ ሲሆን ይብሳል። አምስት ዓመት ካለፈው በየዓመቱ ባለሙያ ይየው፤ ሰባት ከሞላው እኔ በበኩሌ ቤተሰብ አልጭንበትም። አሥር ዓመት የሞላውንማ ጥርሱ የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን አውጥታችሁ ጣሉት። ያረጀ ጎማ በሐምሌ ሙቀት፣ በ65 ማይል ፍጥነት ሲፈነዳ ተንፍሶ ብቻ አይቀርም፤ የጎማ ቆዳው እየተገረፈ የወለሉን ሥር፣ የፍሳሽ ቧንቧውንና የመብራት ሽቦውን ይዞ ይሄዳል።

ከኋላ ያሉት ጎማዎች ጥንድ ጥንድ ናቸው። የውስጠኛው ቢተነፍስ ውጭኛው ብቻውን ተሸክሞ ስለሚሄድ ከላይ አይታወቅም። እኛ ረዳት ሳለን በብረት እየመታን በድምፁ እንለይ ነበር። ያ ዘዴ ጨርሶ የተነፈሰውን ይነግራችኋል፤ 20 ፒኤስአይ የጎደለውን አይነግራችሁም። ስለዚህ መለኪያ ያዙ፤ የምትለኩትም ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ነው።

አሁን ወደ ጣሪያው እንውጣ፤ ገንዘብ የሚበላው እዚያ ነው። ብዙዎቹ ጣሪያዎች ከኮምፔርሳቶ በላይ የተለበጠ ስስ የጎማ ልባስ ናቸው። ጎማው ራሱ ብዙ አያስቸግርም፤ ችግሩ ቀዳዳዎቹ ላይ ነው። የአየር ማስወጫው፣ ኤሲው፣ የሽንት ቤቱ መተንፈሻ፣ አንቴናው፣ መሰላሉ የታሰረበት ብሎን፣ ሁሉም ጣሪያውን በስተው ነው የገቡት፤ ዙሪያቸውም በማሸጊያ ነው የተያዘው። ስወጣ ጣውላ አነጥፌ እንበረከክና የእያንዳንዱን ዙሪያ በጥፍሬ እየዳሰስኩ እሄዳለሁ። ጤነኛ ማሸጊያ ሲጫኑት ለስለስ ይላል። የደረቀው ግን ጠርዙ ላይ ብድግ ብሎ ከሥሩ ትንሽ አቧራ ይዟል። አቧራ የገባበት ውኃ አይቀርም። ክፋቱ፣ ውኃው በገባበት አይወጣም፤ እንጨቱን ተከትሎ ሄዶ ብዙ ጊዜ ከጋቢናው በላይ ባለው አልጋ ጥግ ላይ ብቅ ይላል። መኪና ልትገዙ ስትሄዱ መጀመሪያ ያንን ፍራሽ አንሱና ጥጉን በአውራ ጣታችሁ ተጫኑት። ከረገበ ወይም የሻገተ ከሸተታችሁ፣ ሻጩ ዋጋ መቀነስ ቢጀምር እንኳ ቁልፉን መልሳችሁለት ወደ ቤታችሁ ሂዱ።

አንዱ ሻጭ ጣሪያውን ከዳር እስከ ዳር ሲሊኮን ቀብቶ «አዲስ አሽጌዋለሁ» ሲል ሰምቻለሁ። ሲሊኮን የገላ መታጠቢያ ቤት ዕቃ ነው። ጎማ ጣሪያ ላይ ጥቂት ቆይቶ ይላጣል፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ትክክለኛው ማሸጊያ በላዩ አልይዝ ስለሚል ፍቀን እስክናነሳው ቀናችን ይመሻል። ለጣሪያው ተብሎ የተሠራ፣ ሲያፈሱት ራሱን አስተካክሎ የሚተኛ ማሸጊያ በየሞተርሆም (አርቪ) ዕቃ መሸጫው አለ። በጸደይና በመኸር አንድ አንድ ጊዜ ወጥታችሁ ብታዩት ይበቃል።

መቆም የሚገድለው ሌላው ዕቃ ጄኔሬተሩ ነው። በወር አንድ ጊዜ፣ ኤሲውን አብርታችሁበት ቢያንስ አንድ ሰዓት፣ ቢቻል ሁለት ሰዓት ይሥራ፤ ያለ ሸክም ማስነሳት ብቻ አይጠቅመውም። ካልሠራ ቤንዚኑ ካርቡሬተሩ ውስጥ ሙጫ ሆኖ ይደርቃል። በነገራችን ላይ «ጄኔሬተሬ ተበላሸ» ብለው ከሚጠሩኝ ሰዎች አንዳንዶቹ ነዳጃቸው ከሩብ በታች ስለወረደ ብቻ ነው። ጄኔሬተሩ እናንተን መንገድ ላይ እንዳያስቀር የመጨረሻውን ሩብ እንዳይነካ ተደርጎ የተሠራ ነው። ይህን በስልክ ስለምነግራቸው አላስከፍልም።

ክረምት የሚበርድበት ቦታ የምትኖሩ፣ ውኃውን ሳታስወጡ እንዳትተኙ። የውኃ ማሞቂያውን መታለፊያ ክፈቱና ሮዝማውን የአርቪ አንቲፍሪዝ በቧንቧው ሁሉ አስኪዱ። አረንጓዴው የመኪና አንቲፍሪዝ መርዝ ነው፤ በምትጠጡበት ቧንቧ ውስጥ እንዳይገባ። ስለ ሽንት ቤቱ ጋን አንድ ነገር ብቻ ልበል። ካምፕ ቦታ ስትደርሱ የማፍሰሻውን በር ከፍታችሁ አትተዉት፤ ውኃው ሄዶ ሌላው ይቀራል፤ የቀረውን የሚያወጣው ደግሞ እኔ ነኝ። ሁለት ሦስተኛ እስኪሞላ ዝጉት፤ ስታፈሱ መጀመሪያ እሱን፣ ቀጥሎ የእጅ መታጠቢያውን ውኃ ልቀቁ።

ወደ መጎተት ስንመጣ ሰው ሁሉ «ሞተሩ ይችላል ወይ?» ብሎ ነው የሚጠይቀው። ሞተሩ ይችላል። ጥያቄው ስንት ፓውንድ ላይ ናችሁ የሚለው ነው። ኢ-450 ራሷ ከነሸክሟ እስከ 14,500 ፓውንድ፣ ከምትጎትተው ጋር ሲደመር እስከ 22,000 ፓውንድ ተፈቅዶላታል። ልዩነቱ 7,500 ነውና ሰው «ያንን ያህል እጎትታለሁ» ይላል። ኋላ ላይ የተገጠመው መጎተቻ ብረት ግን ብዙ ጊዜ 5,000 የሚል ማኅተም አለበት። የሚገዛችሁ ትንሹ ቁጥር ነው። ደግሞም ፎርድ የኢ-450ን ፍሬን የሠራው መኪናዋን ራሷን ለማቆም ነው፤ የምትጎትቱት ነገር የራሱ ፍሬን ይኑረው። በብዙ ስቴቶች 3,000 ፓውንድ ከደረሰ ሕጉም ያስገድዳል።

ከዚያ በፊት ደግሞ ቤተሰቡ አለ። 40 ጋሎን ውኃ ብቻውን 330 ፓውንድ ገደማ ይመዝናል። ስድስት ሰው፣ ሁለት ኩለር ሥጋ፣ የከሰል ምድጃ፣ ብስክሌት፣ ጀበናውና ረከቦቱ ሲጨመሩበት በሩ አጠገብ የተለጠፈው የጭነት ልክ ሳታስቡት ያልቃል። ግምት አትገምቱ። የትራክ ማደያዎች ውስጥ ካት ስኬል የሚባል ሚዛን አለ፤ እንደ ጫናችሁ ግቡና ተመዘኑ። የፊቱን፣ የኋላውንና የሚጎተተውን ለየብቻው ጽፎ ወረቀት ይሰጣችኋል። ዋጋው ከአንድ ምሳ አይበልጥም። ተሳቢ ከሆነ የምትጎትቱት፣ ከክብደቱ ከመቶ ከአሥር እስከ አሥራ አምስቱ መጎተቻው ላይ ይረፍ። ከዚያ ካነሰ ተሳቢው በንፋስና ትልቅ ትራክ ሲያልፍ ይወዛወዛል፤ ከበዛ የፊት ጎማችሁ ይቀልና መሪው ይላላል።

አብዛኛው የሚፈልገው ግን ከኋላ ትንሽ መኪና አስሮ፣ ካምፕ ላይ ሞተርሆሟን አቁሞ በትንሿ ዞር ዞር ማለት ነው። «ራቭ ፎሬን አስሬ ልሂድ?» ትለኛለች አንዷ። «አይሆንም እህቴ፣» እላታለሁ። ቶዮታ ራሱ በመመሪያ መጽሐፉ ላይ በአራት ጎማዋ መሬት እየነካች ከሞተርሆም ኋላ እንዳትጎተት ጽፏል። አውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይቱን የሚያሰራጨው ሞተር ሲሠራ ነው፤ ሞተሩ ጠፍቶ ጎማው ከዞረ ካምቢዮው በደረቁ ይፋጫል። ሆንዳ ሲአርቪ እስከ 2014 ድረስ የራሷን አሠራር ተከትሎ ይቻል ነበር፤ ከ2015 ወዲህ ካምቢዮዋ ተቀይሯልና አይቻልም። ጂፕ ራንግለር የምትወደደው በዚህ ነው፤ የአራት ጎማ ማርሹን ኒውትራል ታስገባና ጉዞ ነው። የመኪናችሁን መጽሐፍ ሳትከፍቱ የጓደኛችሁን ምክር አትቀበሉ፤ የእኔንም ጭምር።

ስታስሩ መጎተቻው ከፊት እስከ ኋላ ደልዳላ ይሁን፤ ከሦስት ከአራት ኢንች በላይ ከተዘቀዘቀ ፍሬን ስትይዙ ኋለኛዋ ትወጣባችኋለች። የመጠባበቂያ ሰንሰለቶቹን ከሥር አጠላልፉ፤ ብረቱ ቢወድቅ እንኳ እነሱ ላይ ይተኛል። ፍሬቻና የፍሬን መብራቱን ሌላ ሰው ከኋላ ቆሞ ይይላችሁ። መኪና በአራት ጎማዋ ታስራ ሳለ ደግሞ ወደ ኋላ መሄድ የለም። ሁለት ሜትርም ቢሆን የፊት ጎማዋ ይጠመዘዝና ብረቱን ያጣምማል። ጠባብ ማደያ ውስጥ ከገባችሁ ወርዳችሁ ፈትታችሁ፣ ወጥታችሁ መልሳችሁ ማሰር ነው።

ከዴንቨር ወደ ምዕራብ ስትወጡ አይ-70 ላይ ያለው የአይዘንሃወር ዋሻ ከ11,000 ጫማ በላይ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር በየሺህ ጫማው ከመቶ ሦስት ያህል አቅሙን ይጥላል፤ እዚያ ላይ ሲሶው ገደማ የለም ማለት ነው። ዳገቱን በቀኝ መስመር በትዕግሥት ውጡት፤ የሚያስጨንቀኝ ቁልቁለቱ ነው። ከዋሻው እስከ ሲልቨርቶርን በሰባት ፐርሰንት ይወርዳል፤ ፍሬን ላቃጠሉ ትራኮች የተሠራው የጠጠር ማምለጫም ጎኑ ላይ አለ። በዓባይ በረሃ ከጎሃ ጽዮን ስንወርድ ሹፌሮቹ ያስተማሩን እዚህም አልተለወጠም። በምትወጣበት ማርሽ ውረድ፤ ማርሹን ደግሞ ቁልቁለቱ ሳይጀምር አስገባ። የዛሬዎቹ ላይ ቶ ሆል የሚል ቁልፍ አለ፤ እሱን ተጭናችሁ ሞተሩ ይያዛችሁ። ፍሬኑን ጠበቅ አድርጋችሁ ፍጥነቱን ካወረዳችሁ በኋላ ልቀቁት፤ እግር አሳርፎ መውረድ ፍሬን ማቃጠል ነው።

ብትበላሹስ? ሞተርሆም ተራ ክሬን አያነሳትም። የመኪና ኢንሹራንሳችሁ የመንገድ ዕርዳታ ሞተርሆም ይጨምር እንደሆነ ከቤት ሳትወጡ ጠይቁ፤ ብዙው አይጨምርም። ርዝመቷን፣ ከፍታዋንና ክብደቷን በወረቀት ጽፋችሁ ጋቢና ውስጥ ለጥፉ። ከፍታዋ ለዝቅተኛ ድልድይም ያገለግላችኋል። ስትደውሉ «ሞተርሆም» ብቻ ካላችሁ ትንሽ ክሬን ይልኩና እሱ ደግሞ «አልችልም» ብሎ ይመለሳል፤ ሰዓቱን ከፍላችሁ ሌላ ትጠብቃላችሁ። «ከባድ መኪና የሚያነሳ ላኩልኝ፤ ይህን ያህል ጫማ፣ ይህን ያህል ፓውንድ፣ ኋላ ጥንድ ጎማ» በሉ። የፊቷን አንስቶ በኋላ ጎማዋ ሊጎትታት ከሆነ፣ ከካምቢዮ ወደ ዲፈረንሻል የሚሄደውን ዘንግ መጀመሪያ እንዲፈታ ጠይቁት። «አያስፈልግም፣ ቅርብ ነው» ካለ፣ ወረቀቱ ላይ ፈርሞ እንዲጽፍላችሁ ጠይቁት፤ ያኔ ወርዶ ይፈታዋል።